አስፕሪን የስኳር ማርከሻ አይደለም

አይሻ በዜና ስሟ የሚነሳው በባቡሩ፣ በነፋሱና በኮንትሮባንዱ ነው። ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል ጅቡቲ የሚገባው አስፋልትና ሐዲድ ያልፍባታል። 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዲኖረው የታቀደው የነፋስ ኃይል ማመንጫም ስሟን ይዟል። የሲቲ ዞንን ሙቀትና አቧራ ለሚያውቅ መንገደኛ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለው ሻዩ ነው፤ በወተት የፈላ፣ ሄል የገባበት፣ ስኳሩ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ የሶማሌ ሻይ።

እንደ አይሻ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ሱቅ ውስጥ ሁለት ነጫጭ ነገሮች አይጠፉም። አንዱ ከጆንያ እየተዘገነ በኪሎ የሚሸጠው ስኳር ነው። ሌላው እየተቆረጠ በፍሬ የሚሸጠው የራስ ምታት ኪኒን ነው። ስኳሩን የሚገዛና ኪኒኑን የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሾፌር ይሆናል፣ ጫት የቃመ ወጣት ይሆናል፣ «ስኳር አለብዎት» የተባሉ አባት ይሆናሉ።

የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ አንድ አባባል አለ፤ «ስኳር ደም ያወፍራል፣ አስፕሪን ያቀጥናል» ይባላል። ከዚህ ተነስቶ ወደ ድምዳሜ መድረስ ቀላል ነው፤ ሻዩን እንደለመዱት እየጠጡ፣ ማታ ማታ አንዲት አስፕሪን ጣል ማድረግ። ጥፋቱን በማርከሻው ማካካስ።

አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። ስኳርም አስፕሪንም ደምን በሚያረጋው ፕሮቲን ላይ በኬሚስትሪ ቋንቋ ሊጻፍ የሚችል ለውጥ ያመጣሉ፤ ለውጡም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አደጋው የሚመጣው ይህ እውነት ከሱቅ ወደ ሻይ ቤት ሲዞር ግማሹ ስለሚጠፋ ነው። የጠፋውን ግማሽ ማወቅ ደግሞ የሐኪም ትምህርት አይጠይቅም።

▪️ ደም እንዴት ይረጋል?

ደማችን ውስጥ ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። የሚሠራው ጉበት ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ግራም ገደማ ይገኛል። በሰላሙ ጊዜ ሟሙቶ ዝም ብሎ ይዞራል።

ሰው ሲቆስል ትሮምቢን የሚባል ኢንዛይም ይነሳና ከፋይብሪኖጅኑ ላይ ትናንሽ ቁራጮችን ይቆርጣል። የተቆረጠው ፋይብሪኖጅን ስሙ ተለውጦ ፋይብሪን ይባላል። ፋይብሪን እርስ በርሱ እየተያያዘ ክር ይሆናል፣ ክሩም መረብ ይሆናል። ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ቅንጣቶችና ቀይ የደም ሕዋሳት መረቡ ውስጥ ይያዛሉ፤ ቁስሉ ይደፈናል።

ሥራው ሲያልቅ መረቡ መፍረስ አለበት። የማፍረሱ ሥራ ፕላዝሚን የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ክሮቹን እየቆረጠ ያሟሟቸዋል። ስለዚህ ጤናማ ደም ሁለት ነገር ይችላል፦ ሲፈለግ ቶሎ መርጋት፣ ሲያበቃ ደግሞ ቶሎ መፍረስ። የረጋ ደም ያለቦታው ተፈጥሮ አልፈርስ ሲል ልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ ያመጣል፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ያመጣል።

እዚህ ላይ «ወፍራም ደም» እና «ቀጭን ደም» የሚለው አነጋገር ያሳስታል። ጉዳዩ እንደ ሾርባ መወፈርና መቅጠን አይደለም። ጉዳዩ የመረቡ አሠራር ነው። በአይሻ በኩል የሚያልፉት ከባድ መኪኖች የሚጭኑትንና የሚሸፍኑበትን ማየት ይበቃል። ሸራው በቀጫጭን ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ስለተሠራ ውኃ አያስገባም። የቃጫ ጆንያ ግን ክሩ ወፍራም፣ አሠራሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ነፋስም ጣትም ያልፍበታል። የረጋ ደምም እንደዚሁ ሸራ ወይም ጆንያ ሊሆን ይችላል። ጆንያ የሆነው ፕላዝሚንን ያስገባል፤ በቀላሉ ይፈርሳል። ሸራ የሆነው አያስገባም።

▪️ ስኳሩ ምን ያደርጋል?

ቡና ሲቆላ ለምን ይጠቁራል? የዳቦ ቅርፊት ለምን ይቀላል? ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ሲገናኙ የሚያደርጉት ውህደት ነው። ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው።

ምጣድ ላይ በደቂቃ የሚሆነው ነገር በሰውነታችን 37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥም ይሆናል፤ ግን በዝግታ ነው፣ በቀናትና በሳምንታት። ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ማንም ኢንዛይም ሳያዘው ፕሮቲኖች ላይ ይለጠፋል። በተለይ የሚወደው መቀመጫ ላይሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ነው። ግሉኮሱ በበዛና በቆየ ቁጥር የሚለጠፈውም ይበዛል።

ሐኪም ቤት «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ምርመራ የሚለካው ይህንኑ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። በዚያ ዕድሜው ውስጥ ሄሞግሎቢኑ ላይ ስንት ስኳር እንደተለጠፈ ሲታይ ያለፉት ወራት ታሪክ ይነበባል። ውጤቱ 6.5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ምልክት ነው።

ስኳር ለሄሞግሎቢን ብቻ አያዳላም። ፋይብሪኖጅን ላይም ይለጠፋል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች የተወሰደ ፋይብሪኖጅን በላቦራቶሪ ሲረጋ ክሮቹ ጥቅጥቅ ብለው፣ ቀዳዳው ጠቦ፣ ለመፍረስም ጊዜ ሲወስድ በጥናት ታይቷል። ሸራ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፕላዝሚን ፋይብሪንን ከሚቆርጥባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ላይሲን ያለባቸው ናቸው። ስኳሩ የተቀመጠው መቀሱ ሊያርፍበት በሚገባው ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሻይ ያለጥፋቱ እንዳይወገዝ። በአንድ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግሉኮስ ጠቅላላው 5 ግራም ቢሆን ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሦስት ማንኪያ የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ከዚያ በላይ ስኳር ይዞ ይመጣል፤ ኢንሱሊን ግን ተቀብሎ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል። መለጠፉ አሳሳቢ የሚሆነው ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ትእዛዙ አልሰማ ሲልና ስኳሩ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲከርም ነው። ሩዙና ፓስታውም ሆድ ውስጥ ገብቶ ግሉኮስ እንደሚሆን መርሳት አይገባም።

▪️ ሙቀቱ የሚሸፍነው ምልክት

እንደ አይሻ ባለ ቦታ አንድ ልዩ ችግር አለ። የስኳር ሕመም ቀድሞ የሚታወቀው በጥም፣ በድካምና በሽንት መብዛት ነው። አይሻ ላይ ማን የማይጠማው አለ? ማንስ አይደክመውም? ሰው ሁሉ «ሙቀቱ ነው» ይላል። ጥሙን የሚቆርጠው ደግሞ በጣፋጭ ሻይ ወይም በለስላሳ መጠጥ ነው። ጫት ሲቃም ምሬቱን ለማስታገስ ጣፋጭ አብሮ ይወሰዳል። ሕመሙ ራሱን የሚመግብበት መንገድ ተገኘለት ማለት ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሙቀት ብቻ የጠማው ሰው ላቡ ይበዛል፣ ሽንቱ ግን ያንሳል፣ ይጠቁራልም። እየጠማው ሽንቱ የሚበዛ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚነሳ፣ ሳያስበው የሚከሳ ሰው ግን ሙቀቱን ትቶ ስኳሩን ይመርመር። ሳይበሉ የተለካ የደም ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስሙ የስኳር ሕመም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የጣት ጠብታ ደምና አንዲት የመለኪያ ወረቀት ናት።

▪️ አስፕሪኑስ?

ፌሊክስ ሆፍማን የባየር ኩባንያ ኬሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 አስፕሪንን በንጹሕ መልኩ ሠራ፤ በ1899 ገበያ ላይ ዋለ። ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ግን ዓለም ያወቀው ከ70 ዓመት በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን የሕመምና የትኩሳት ንጥረ ነገሮች ማምረቻ እንደሚዘጋ አሳየ። በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት።

የአስፕሪን የኬሚስትሪ ስሙ አሴታይል ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ቁልፉ የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። አስፕሪን አሴታይል የሚባለውን ቁራጭ ተሸክሞ ይገባና ፕሮቲኖች ላይ ጥሎት ይሄዳል። ኪኒኑ ራሱ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። የጣለው ምልክት ግን ይቀራል።

ዋናው ሥራው የሚታየው ፕሌትሌት ላይ ነው። አሴታይሉ ፕሌትሌቶችን «ተሰብሰቡ» ብሎ የሚጠራውን ንጥረ ነገር የሚያመርተው ኢንዛይም ላይ ተቀምጦ በሩን ይዘጋል። ፕሌትሌት ኒውክለስ የለውም፤ አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደተዘጋ ይኖራል። ሰኞ የተዋጠች አንዲት አስፕሪን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ አሻራዋ ደም ውስጥ አለ። ለራስ ምታት ብሎ የዋጠ ሰው ይህን አያውቅም፤ ራስ ምታቱ ከተወው ኪኒኑም የተወው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ሥራዋ ብዙም አይነገርለትም። አስፕሪን ፋይብሪኖጅን ላይም አሴታይል ትጥላለች። የምትጥለው የት ነው ቢባል፣ ላይሲን ላይ! በዚህ የተነካ ፋይብሪኖጅን ሲረጋ ክሩ ወፍራም፣ ቀዳዳው ሰፊ ይሆናል፤ ቶሎ ይፈርሳል። ጆንያ ይሆናል ማለት ነው። በ1990ዎቹ ስዊድን ውስጥ በተሠራ ጥናት 75 ሚሊ ግራም የምትሆነው ትንሽዋ መጠን ከትልቁ በተሻለ መረቡን ስታሳሳ ታይታለች። «ብዙ ከዋጥኩ ብዙ ይረዳኛል» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም።

▪️ አንድ ወንበር ለሁለት

አሁን የጠፋው ግማሽ ላይ ተደረሰ። ስኳርም አስፕሪንም የሚፈልጉት ወንበር አንድ ነው፤ ላይሲን። ስኳር ቀድሞ የተቀመጠበትን ቦታ አስፕሪን አታገኘውም። ስኳራቸው ከፍ ብሎ የቆየ ሰዎች ደም ላይ በተደረጉ የላቦራቶሪ ጥናቶች አስፕሪን ፕሮቲኖቹን የመንካት አቅሟ ሲቀንስ ታይቷል። በዚህ ላይ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ፕሌትሌቶች ቶሎ ቶሎ ይተካሉ። ጠዋት የተዋጠችው ኪኒን የዘጋቻቸው ሳይቆዩ ባልተዘጉ አዲሶች ይተካሉ።

እንግዲህ ማርከሻ የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ማርከሻ ማለት መርዙ በበረታ ቁጥር የሚጠቅም ነገር ነው። አስፕሪን ግን ስኳሩ በበረታ ቁጥር ጥቅሟ ሊደክም የሚችል መድኃኒት ናት። ጉዳቷ ግን አይደክምም። ጨጓራን የሚጠብቀውን ሽፋን የሚያመርተው ያው አስፕሪን የምትዘጋው ኢንዛይም ነው። ባዶ ሆድ፣ ጫትና የቆየ የጨጓራ ሕመም ባለበት አገር አስፕሪን በየቀኑ መዋጥ ማለት መድማትን መጋበዝ ሊሆን ይችላል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው አሴንድ የተባለ ጥናት 15,480 የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ግን የልብና የደም ሥር ሕመም ያልተገኘባቸው ሰዎችን በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ ተከታተለ። ግማሾቹ በቀን 100 ሚሊ ግራም አስፕሪን ወሰዱ፤ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። ሃርት አታክን፣ ስትሮክንና የመሳሰሉትን ከባድ ችግሮች አስፕሪን ከ9.6 ወደ 8.5 በመቶ አወረደቻቸው። ከባድ መድማትን ደግሞ ከ3.2 ወደ 4.1 በመቶ አወጣችው። በአንድ እጅ የሰጠችውን በሌላ እጅ ወሰደች።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። ቀድሞ ሃርት አታክ ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ያጋጠመው፣ የልብ ደም ሥሩ ላይ ስቴንት የገባለት ሰው ሌላ ነው። ሐኪም አስፕሪን ካዘዘለት በየቀኑ ይውሰድ፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ማቆም ትልቅ ስሕተት ነው። ክርክሩ ሐኪም ሳያዝ፣ ሱቅ ሄዶ፣ በራሱ ስሌት ከሚውጠው ሰው ጋር ነው።

▪️ ትኩሳት ሲመጣ

የምሥራቁ መስመር ሌላም ጉዳይ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነስቶ ከ11,000 በላይ ሰው ታመመ። ከዚያ በኋላም በሶማሌና በአፋር ክልሎች ደጋግሞ ታይቷል። ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ነው፤ በበርሜል፣ በጀሪካን፣ ክዳን በሌለው ሮቶ። ውኃ ብርቅ በሆነበት ከተማ ውኃ ማጠራቀም ግዴታ ነው። ስለዚህ ደረቅነቱ ከዴንጊ አይጠብቅም።

ዴንጊ የያዘው ሰው ምን ይሰማዋል? ከባድ ትኩሳት፣ ዓይን ሥር የሚወጋ ራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት። እንዲህ ያመመው ሰው ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው ያችኑ የራስ ምታት ኪኒን ነው። ዴንጊ ግን ራሱ የፕሌትሌትን ቁጥር ያወርዳል፤ የቀጫጭን ደም ሥሮችንም ግድግዳ ያሳሳል። የቀሩትን ጥቂት ፕሌትሌቶች አስፕሪን ለሳምንት ስትዘጋቸው ሰውየው ድዱ፣ አፍንጫው፣ ሆዱ ሊደማ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዴንጊ ጊዜ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጡ፣ ፓራሲታሞል ይሰጥ የሚለው ለዚህ ነው። ትኩሳት ላለበት ሕፃንም አስፕሪን አይሰጥም፤ ሬይ ሲንድረም የሚባል የጉበትና የአንጎል ችግር ሊያመጣበት ይችላል።

ሱቅ ላይ ሁለቱም ኪኒኖች ነጭ ናቸው። ከእሽጉ ተቆርጠው በፍሬ ሲሸጡ ስማቸው የተጻፈበት ክፍል ከሻጩ ጋር ይቀራል። አንዱ ከዴንጊ የሚያሳርፍ፣ ሌላው በዴንጊ ላይ የሚያደማ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ!

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

ስለ ስኳር በአገራችን የሚወራው ሌላ ነው። ዋጋው፣ ኮታው፣ የሸማቾች ማኅበር ሰልፉ፣ በድንበር የገባው ኮንትሮባንድ። ስኳር ጭኖ የሚያልፍ መኪና በየኬላው ይፈተሻል። ደም ውስጥ የገባውን ስኳር የሚፈትሽ ኬላ ግን እምብዛም የለም። አንዲት የስኳር መለኪያና ጥቂት ወረቀቶች በመንገዱ ላይ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ሳይቋረጡ ቢገኙ፣ ለሾፌሮችና ለአካባቢው ሰው «ሙቀቱ ነው» ከሚለው ግምት መውጫ ይሆናሉ። ይህ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ሪፈራል ሆስፒታል ድረስ መሄድን የሚጠይቅ ጉዳይ መሆን አልነበረበትም።

ሁለተኛው ለባለሱቆች ነው። በፍሬ መሸጡን በአንድ ቀን ማስቀረት አይቻል ይሆናል። አንድ ጥያቄ ማስለመድ ግን ይቻላል፤ «ትኩሳት አለህ?»። ትኩሳት ካለ አስፕሪን አይሸጥም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ይህን በሶማልኛና በአማርኛ የጻፈ አንድ ወረቀት መደርደሪያው ላይ መለጠፍ በጀት አያስቸግርም።

ሦስተኛው ለራስ ነው። ከማርከሻው ይልቅ ከምንጩ መጀመር ያዋጣል። ፋይብሪኖጅን እንደ ቀይ የደም ሕዋስ ወራት አይቆይም፤ ግማሹ በ4 ቀን ገደማ ውስጥ በአዲስ ይተካል። ስኳሩ ዛሬ መውረድ ከጀመረ በሚቀጥሉት ሳምንታት ከጉበት የሚወጣው አዲሱ ፋይብሪኖጅን ስኳር ሳይጫነው የመሥራት ዕድል አለው። ሐኪም ያዘዘውን የስኳር መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ ሩዙን መቀነስ፣ በእግር መሄድ፣ ውኃ መጠጣት። ሻይ ቤት ሲገቡ ደግሞ «ኤዶ፣ ስኳሩን ለብቻ ስጪኝ» ማለት። ኤዶ በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው። አክስት እምቢ አትልም፤ ስኳሩ በሳህን ከመጣ ማንኪያውን የሚቆጥረው ጠጪው ይሆናል።